ወይዘሮ ሄስተር ታስከርና የሃልስቶርፕ ባቡር ማቋረጫ

ወይዘሮ ሄስተር ታስከር ከአባታቸው ከአቶ አርተር ብላንቻርድና ከእናታቸው ከወይዘሮ አይቪ ኮልማን፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 1938 በሊንከንሻየር፣ በሃልስቶርፕ መንደር፣ ባቡር ማቋረጫው ጥግ ባለችው የበር ጠባቂ ቤት ተወለዱ። አባታቸው ባቡር በመጣ ቁጥር ወጥተው የመንገዱን በር የሚዘጉ፣ ባቡሩ ሲያልፍ የሚከፍቱ ሰው ነበሩ።

ወይዘሮ ሄስተር በመንደሩ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በሊንከን ከተማ ተምረው፣ በ1959 ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመረቁ፤ ለዓመታትም የጂኦግራፊ አስተማሪ ሆኑ። በ1962 ድንች አምራቹን አቶ ዎልተር ታስከርን አግብተው ሮዛሊንድንና ኤድመንድን ወለዱ። በሠርጉ ዕለት ሙሽራው ዘግይተው የደረሱት አማታቸው በሩን ስለዘጉባቸው ነው። አቶ አርተር የሠርግ ልብሳቸውን እንደለበሱ በሩ ላይ ቆመው፣ «ሙሽራም ብትሆን ባቡሩ ይለፍ!» አሏቸው። አቶ ዎልተር ይህን እስኪሞቱ ድረስ እየሳቁ ያወሩት ነበር።

በ1967 በር ጠባቂዎች ከየማቋረጫው ተነሡና በቦታቸው ቀይ መብራት ብቻ ተተከለ። በ1971 መጸው፣ ጉም በወረደበት ጠዋት፣ የወይዘሮ ሄስተር ታናሽ ወንድም አቶ ሊዮናርድ በብስክሌት ወደ ሥራ ሲሄዱ እዚያው ማቋረጫ ላይ በባቡር ተገጭተው ሞቱ። ይህን የምትጽፈው የአቶ ሊዮናርድ ልጅ ናት። አክስቷ ወይዘሮ ሄስተርም ያሳደጓት ከልጆቻቸው ሳይለዩ ነው።

ወይዘሮ ሄስተር ፖለቲካ የገቡት ከዚያ ኀዘን በኋላ ነው። በ1974 ለፓርላማ ተመረጡ፤ በ1983 ደግሞ ፓርቲያቸው ተቃዋሚ ሳለ በጥላ ካቢኔው ውስጥ የትራንስፖርት ኃላፊ ሆኑ። ሥራቸው ከሚኒስትሩ ፊት ለፊት ተቀምጦ መሞገት፣ ሥልጣን ቢመጣም የሚሠራውን አዘጋጅቶ መጠበቅ ነበር። አቶ ዎልተር፣ «ሚኒስትር ትባያለሽ፤ መኪና የለሽ፣ ቢሮሽም ከእኔ ድንች መጋዘን ይጠባል!» ይሏቸው ነበር። እሳቸውም፣ «ድንችህ ግን ጥያቄ አይጠይቅም» ብለው ይመልሱ ነበር።

በ1986 መንግሥት የባቡር ሕግ ሲያቀርብ፣ በየማቋረጫው የሚወርድ መዝጊያ እንዲተከል የሚያዝዝ ማሻሻያ አዘጋጁ። በፓርላማው ደንብ ሆኖ ባይጻፍም የሚከበር ልማድ አለ፤ ከሁለቱ ወገን ጥንድ የሆኑ አባላት አንዱ መቅረት ግድ ሲሆንበት ሌላውም ድምፅ ሳይሰጥ ይቀራል። የወይዘሮ ሄስተር ጥንድ የመንግሥት ወገን የሆኑት አቶ ሃምፍሪ ካርስዌል ነበሩ። ድምፅ በሚሰጥበት ሳምንት አቶ ሃምፍሪ ለልብ ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ገቡ። ወይዘሮ ሄስተርም ድምፅ እንደማይሰጡ ቃል ገቡላቸው።

የፓርቲያቸው ድምፅ አስተባባሪ ሻይ ክፍል ድረስ መጥቶ ለመናቸው።

«አብደሻል እንዴ ሄስተር? የገዛ ሕግሽን ልትቀብሪው ነው?»

«ቃል ሰጥቻለሁ። ሰውየው ደረቱን ተከፍቶ ተኝቷል።»

«ወንድምሽስ?»

«እሱን አታንሣብኝ!»

ድምፁ እኩል ለእኩል ወጣ። እንዲህ ሲሆን አፈ ጉባኤው በልማድ ነገሩ እንደነበረ እንዲቀር ስለሚወስኑ ማሻሻያው ወደቀ፤ የእሳቸው ድምፅ ቢጨመር ኖሮ ያልፍ ነበር። ቤት ገብተው አለቀሱ። እኛም ተቆጣናቸው፤ የወንድማቸው ልጅ ደግሞ ከሁሉም ብሳ ለአንድ ወር ያህል አኮረፈቻቸው።

አቶ ሃምፍሪ ድነው ሲመለሱ ግን ያንኑ ሕግ በራሳቸው ስም አቀረቡ። በምክር ቤቱም ቆመው፣ «ይህ ሕግ እኔ አልጋ ላይ ሳለሁ ማለፍ ይችል ነበር። ያላለፈው አንዲት ሴት ለእኔ የሰጠችውን ቃል ስላላጠፈች ነው። ወገኖቼ ድምፃቸውን እንዳይነፍጓት እለምናለሁ» አሉ። ሕጉ በ1988 ጸደቀ፤ በቀጣዩ ዓመትም የሃልስቶርፕ መዝጊያ ተተከለ። በዚያ ማቋረጫ ከዚያ ወዲህ ሰው አልሞተም።

ፓርቲያቸው ሥልጣን በያዘ ጊዜ ወይዘሮ ሄስተር አልተሾሙም። መሪው ይህን ሊነግሯቸው ሲደውሉ ሩባርብ ከሚባል ጎምዛዛ ተክል ማርማላታ እየሠሩ ነበርና፣ «ቶሎ በል፣ ድስቴ ሊገነፍል ነው» አሏቸው። ቅር አላላቸውም ማለት ውሸት ይሆናል፤ ማርማላታው ግን አላረረም። ከፓርላማ ከወጡም በኋላ ከአቶ ሃምፍሪ ጋር በየዓመቱ የበጀት ቀን በስልክ ይከራከሩ ነበር፤ አንድም ዓመት ተስማምተው አያውቁም።

አቶ ዎልተርን በ2011 በሞት ያጡት ወይዘሮ ሄስተር፣ በሳንባ ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ማርች 12 ቀን 2019 በተወለዱ በሰማንያ ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው እጃቸውን ይዘው ሳሉ አረፉ። ሁለት ልጆች፣ አምስት የልጅ ልጆችና እንደ ልጅ ያሳደጓትን የወንድማቸውን ልጅ ትተዋል። አቶ ሃምፍሪም በዘጠና ዓመታቸው ዛሬ በዚህ ጸሎት ቤት ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጠዋል። ቃሉን የማያጥፍ አምላክ ቃላቸውን ያላጠፉትን እናታችንን ከወንድማቸው ጋር በሰላም ያገናኝልን።

ከጸሎቱ በኋላ አስከሬኑን ይዘን ወደ መቃብር የምንሄደው በማቋረጫው በኩል ነው። መዝጊያው ወርዶ ካገኘነው እንቆማለን፤ ሹፌሮች እባካችሁ ጡሩንባ አትንፉ። ባቡሩ ይለፍ።