የተቆረጠው «እህ»

ውድ መምህሬ፣

በመጀመሪያው የትምህርት ቀን «አንቱ አትበሉኝ፤ ካሜራ የያዝን ሴቶች እህትማማች ነን» ብለሽን ነበር። ስለዚህ ዛሬም፣ ተቆጥቼብሽም ቢሆን፣ አንቺ እያልኩ እጽፍልሻለሁ።

ከፊልሙ ምርቃት አቋርጬ የወጣሁት አሞኝ አይደለም። መድረክ ላይ ቆመሽ «ድምፅ ለሌላቸው ሴቶች ድምፅ ሰጠሁ» አልሽ። የፊልሙ ባለታሪክ፣ ሸክላ ሠሪዋ እማማ፣ ግን ድምፅ አጥተው አያውቁም። ያጠፋንባቸው እኔና አንቺ ነን።

የእማማን ቋንቋ አንቺ አትችይውም። ለእኔ የእናቴ ቋንቋ ስለሆነ አራት ወር ሙሉ ቤታቸው ሄጄ የቀረፅኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ቀን፣ እንዳስተማርሽኝ፣ የእኔ ድምፅ እንዳይቀረፅ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ከካሜራው ኋላ ተቀመጥኩ። እማማ ጥቂት ተናግረው ዝም አሉ። ጭቃ የነካው እጃቸውን ፊቴ ላይ አወዛወዙ።

«አንቺ ልጅ፣ ተኛሽ እንዴ?»

«ኧረ እየሰማሁ ነው፣ እማማ።»

«ታዲያ አፍሽን ምን ለጎመው? እኔ ከግድግዳ ጋር አላወራም።»

በእነ እማማ ዘንድ የሚሰማ ሰው በየመሀሉ «እህ» ይላል። ካላለ ተናጋሪው ያቆማል፤ መስማት የማይፈልግን ሰው ማድከም ነውር ነው። ስለዚህ «እህ» አልኩ። እሳቸውም ቀጠሉ። ከአያት ቅድመ አያቶቻቸው ጀምሮ የሸክላ አፈር ሲቆፍሩበት የኖሩትን መሬት ማን በሽቦ እንዳጠረው፣ ማን ፈርሞ እንደሰጠው፣ አጥሩን ሊነቅሉ የሄዱት ሴቶች ምን እንደደረሰባቸው ነገሩኝ። ሲጨርሱ «ይህን መጀመሪያ የሚያዩት እነዚያ ሴቶች ናቸው፤ ቃል ግቢልኝ» አሉ። ቃል ገባሁ።

ከዚያ ኤዲቲንግ ክፍሉ። ማዳመጫሽን ከጆሮሽ ነቅለሽ ጠረጴዛው ላይ ወረወርሽው።

«ምንድን ነው ይሄ እህ እህ? ምጥ ይዞሽ ነበር እንዴ? ይህን እኮ የአንደኛ ዓመት ተማሪም አትሳሳተውም!»

እኔም ይቅርታ ጠየቅኩሽ! ማስረዳት ሲገባኝ አፍሬ «እህ»ዎቼን አንድ በአንድ መልቀም ጀመርኩ። ከእነሱ ጋር የእማማም ቃል እየተጎመደ ወጣ። ንግግራቸው ቢቆራረጥብሽ የአንድ ወንድ ተራኪ ድምፅ ደረብሽበት። እማማ ስለ አጥሩ ሲናገሩ እሱ በወፍራም ድምፁ «እየጠፋ ያለ ጥንታዊ ጥበብ» ይላል። ጥበቡ መቼ ጠፋ? የተወሰደው አፈሩ ነው። መሬቱን ፈርሞ የሰጠው ሰውዬ ደግሞ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ሲያጨበጭብ አየሁት። የወጣሁት ያኔ ነው።

ባለፈው እሁድ የተቆረጠውን ሁሉ መልሼ፣ ተራኪውን አውጥቼ፣ እማማ ሸክላ በሚሠሩበት ጎጆ ውስጥ አንሶላ ወጥሬ ለእነዚያ ሴቶች አሳየሁ። ከማሳየቴ በፊት፣ ቃሌን አጥፌ ፊልሙ በምርቃቱ ቀን ለእንግዳ መታየቱን ነገርኳቸው። ማንም «አይዞሽ» አላለኝም። መስኮቱን ጋረድን። አንሶላው ላይ እማማ ሲናገሩ የእኔ ድምፅ «እህ» አለ። ከጨለማው ውስጥ አንዲት ሴት «እህ» አለች። ቀጥላ ሌላዋ። አጥሩ ጋ ሲደርስ የእኔ ድምፅ አልተሰማም፤ የሠላሳ ሴት «እህ» ውጦት ነበር።

ሲያልቅ እማማ «መምህርሽስ የታለች?» አሉኝ።

«አልጠራኋትም።»

«ምነው? ትምጣና ቁጭ ብላ ትስማ እንጂ። ቋንቋውን ባትችል፣ እህ ማለት ያቅታታል?»

ቢሮሽ ያልተቆረጠውን ቀረፃ እንድመልስ ጽፎልኛል። አልመልስም። ሴቶቹ መሬታቸውን ለማስመለስ ፍርድ ቤት ማስረጃ አድርገው ሊያቀርቡት ነው፤ ቀጠሮው የዛሬ ሁለት ሳምንት ነው። ስምሽን እኔ መልሼ ከሠራሁት ፊልም አላወጣሁም። «ካሜራ መያዝ ያስተማረችኝ» ተብሎ ተጽፏል፤ እውነት ነውና። ዳይሬክተር በሚለው ቦታ ግን የለሽም።

ፍርድ ቤት ከመሄዳችን በፊት፣ የፊታችን እሁድ፣ አንድ ጊዜ ደግመን እናየዋለን። እማማ አጠገባቸው በርጩማ አስቀምጠውልሻል። ከመጣሽ ማዳመጫሽን ቤትሽ ትተሽው ነይ።

በፊልምሽ ላይ «ረዳት» ብለሽ የጻፍሻት፣
ስትሰማ የነበረችው ተማሪሽ