ከመድኃኒት ቤታችን የወጣ ስም

ውድ ጋሽ አምባዬ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ደም ግፊቱስ ተሻለዎት? እትዬ የሺዓለም ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከቤታችሁ ደውለውልኝ ነበር። «ጋሽሽ ተመለሺ ይልሻል። ያለፈው ይለፍ ይልሻል» አሉኝ። እሺም እምቢም ሳልል ስልኩን ዘጋሁባቸው። አፌን ብከፍት ማልቀሴ ነበር። ይቅርታ ይጠይቁልኝ። መልሱን በወረቀት ይሻለኛል ብዬ ነው።

ከቡልቡላ መጥቼ፣ የፋርማሲ ትምህርቴን ጨርሼ፣ ሥራ ፍለጋ አዳማ ፍራንኮ ሰፈር ያለውን መድኃኒት ቤትዎን የረገጥኩ ቀን ስለ መድኃኒት ምንም አልጠየቁኝም። «የሰው ገመና ትጠብቂያለሽ?» ብቻ ነበር ያሉኝ። በኋላ ነው የገባኝ። ሰው የሐኪም ወረቀቱን ይዞ ሲገባ እርስዎ ከባንኮኒው ወጥተው፣ አጠገቡ ቆመው፣ ጆሮው ሥር ነበር የሚያናግሩት። የመድኃኒቱን ስም ጮክ ብዬ የጠራሁ ዕለት ምን ያህል እንደተቆጡኝ ያስታውሳሉ? ከሞጆ፣ ከባቱ ድረስ ሰው በየከተማው ያለውን ፋርማሲ ሁሉ እያለፈ እርስዎ ዘንድ የሚመጣው ለዚህ ነበር። አባቴን በልጅነቴ ነው ያጣሁት። እርስዎን ጋሼ ስልዎት ለአፌ ያህል አልነበረም።

ከዚያ የኮምፒውተር ድርጅቱ ወኪል ጆቴ ያን ፕሮግራም ይዞ መጣ። በነፃ ነው አለን። የደንበኛውን ስም፣ ስልክና መድኃኒት ስንመዘግብ፣ መድኃኒቱ ሊያልቅ ሲል መልእክት እየላከ ያስታውሰዋል አለ። ደስ አለኝ። ስልካቸውን የምጠይቃቸው እኔ ነበርኩ። «ከዚህ ቤት አይወጣም» የምላቸውም እኔ ነበርኩ፣ እንደዚያ በያቸው ስላሉኝ።

ጫልቱ ግን አመነታች። የሞጆዋ ጫልቱ፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስደዋ። ሽማግሌ ተልኮ፣ የሠርጓ ቀን ተቆርጦ ነበር። «ኢፍቱ፣ እርግጠኛ ነሽ?» አለችኝ። ወደ እርስዎ ዞርኩ። ፈገግ ብለው ራስዎን ነቀነቁ። «ጋሽ አምባዬ ካሉማ» ብላ ስልኳን ነገረችኝ።

ተመልሳ የመጣች ዕለት ከሰላምታ በፊት ስልኳን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። የማናውቀው ድርጅት መልእክት ነበር፦ «የሚጥል በሽታ መድኃኒትዎ ሊያልቅ ነው? እኛ ጋ በቅናሽ ያገኛሉ።»

«ስልኬ የእጮኛዬ እናት ቤት ቻርጅ ላይ ነበር» አለች። «መነጽሬን አላገኘሁም ብለው እሱኑ ልጃቸውን አስነበቡት። ልጃቸው ጮክ ብሎ አነበበው።» ሠርጉ መፍረሱን መናገር አላስፈለጋትም። «ጋሽ አምባዬ፣ ይህን ከናንተ በቀር የሚያውቅ የለም። ማን ነው ያወጣው?»

«ከእኔ ምንም አልወጣም፣ ልጄ» አሏት።

ያኔ ጫልቱ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ደግሞ እርስዎን አየሁ። «ኢፍቱም እንዲህ አታደርግም» ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። ጨርቅ አንስተው መስታወቱን መወልወል ጀመሩ። ጫልቱ እኔን እያየች ወጣች።

ይመኑኝ ጋሼ፣ ያኔም እርስዎን አልጠረጠርኩም። ሌባ ገብቶብናል ብዬ ለጆቴ ደወልኩ። ሳቀ። «ማን ይሰርቃል ኢፍቱ? ፕሮግራሙን ለጋሽ አምባዬ በነፃ የሰጠናቸው የደንበኞቹን መረጃ ለመድኃኒት አስመጪዎች እንድናካፍል ፈቅደው ነው እኮ። አንብበው ነው የፈረሙት።»

ስጠይቅዎ አልካዱኝም። «ይህን ያህል ነገር ያመጣል ብዬ መሰለሽ? ዘመኑ ነው፣ ሁሉም የሚሠራው እንዲህ ነው» አሉኝ።

«ይሁን ጋሼ። ግን ለደንበኞቹ እንንገራቸው። መረጃቸውን ማን እንደወሰደ፣ ለምን እንደወሰደ ይወቁ።»

«ከነገርናቸው በኋላ በዚህ በር ማን ይገባል?»

«ለጫልቱስ? ለእሷ ብቻ እንኳ?»

ቁልፍዎን አንስተው ወደ ጓዳው ገቡ። ጋዋኔን አውልቄ ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። የዚያን ዕለት የአዳማ ንፋስ አቧራውን አንስቶት ስለነበር ማልቀሴን ማንም አላወቀብኝ።

አሁን የሚቀጥለውን ደጋግመው ያንብቡልኝ። ባለፈው ወር ጫልቱ ባቱ አበባ እርሻ ሥራ መግባቷን ሰምቼ ሄድኩ። ፊቷ ላይ ጠባሳ አለ፣ የፊት ጥርሷም ተሰብሯል። ከዚያ ቀን በኋላ የማንም ፋርማሲ ደጃፍ አልደረሰችም፤ ስሜን ይይዙብኛል ብላ መድኃኒቱን ተወችው። ሥራ ላይ እያለች ጣላት፤ ብረት ላይ ነው የወደቀችው።

«አካም ጂርታ» ብላ ደህንነቴን ጠይቃ ሳመችኝ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ። ጎን ለጎን ተቀመጥን። «ስሜን ከዚያ ኮምፒውተር ልታወጪልኝ ትችያለሽ?» አለችኝ።

«ከእኛ ይወጣል» አልኳት። «ከሄደበት ግን ማን እጅ እንዳለ አላውቅም።»

ያለኝ እውነት ይህ ብቻ ነበር። ከዚያ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ ጆቴን፣ ፊርማውን፣ እኔ አለመሆኔን። አልተደነቀችም።

«አንቺ እንዳልሆንሽ ያኔም አውቄያለሁ» አለችኝ። «አንቺን ያየሁት እሳቸውን ማየት አቅቶኝ ነው።»

ጋሼ፣ ከዚህ በኋላ ምን እንደምጽፍልዎት አላውቅም። አልጠላዎትም። ልጠላዎት ሞክሬ አልሆነልኝም፤ መንገድ ላይ የእርስዎን ዓይነት ኮፍያ ሳይ አሁንም ልቤ ወደዚያ ይሄዳል። ጫልቱ መድኃኒቷን እንደገና ጀምራለች፤ እኔ ነኝ እየገዛሁ የምወስድላት። ፊቷን ሳይ ግን እርስዎን ነው የማስበው።

ወደ ባንኮኒው አልመለስም። ለእትዬ የሺዓለም ይንገሩልኝ፣ እንዳይጠብቁኝ። ስልካቸውን የሰጡን ሰዎች ግን እስካሁን ምንም አያውቁም። ዛሬም በእርስዎ አምነው ነው የሚኖሩት። ሊነግሯቸው የቆረጡ ቀን ይደውሉልኝ። ከባቱ እንጀምራለን። አብሬዎት እሄዳለሁ፤ የጫልቱንም በር እኔ አንኳኳለሁ። የሚናገሩት ግን እርስዎ ነዎት።

ጋሼ ማለት ያልተወችው፣
ኢፍቱ
አዳማ