በር እንዲህ አይቀድም

ማክሰኞ፣ ከምርጫው በኋላ በአሥራ ሁለተኛው ቀን

ይድረስ ለአንዲት ልጄ፤

እንዴት ነሽ? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ይነጫነጫል። የስፌት መኪናዬም አርጅታ በረገጥኳት ቁጥር ታቃስታለች፤ ሁለት አሮጊቶች ተደጋግፈን እንሠራለን። ጎረቤታችን ባለ ፀጉር ቤቷ እንደምታውቂያት ናት፤ ፀጉር በገንዘብ፣ ወሬ በነጻ።

አክስትሽ የሰጠችኝ ወረቀትሽ ከደረሰኝ ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። ስድስት ወር ሙሉ ዝም ብለሽኝ አሁን አንድ መስመር ብቻ፦ «ለማን ነው የመረጥሽው?» ሰላምታ የለው፣ «እማ» የለው። ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር። በአንድ ቃል መመለስ ይቻላል፤ ግን ታውቂኛለሽ፣ እኔ አንድ ቁልፍ ለመትከል እንኳ ዙሪያውን ሳልዞር አይሆንልኝም። ትንሽ ታገሺኝ።

በምርጫ ቢሮው ጸሐፊ የነበርሽለት ሰው፣ ጸሎት ቤታችን ውስጥ ሁሉ «ወንድማችን» የሚለው፣ ቁማር ቤቶቹን አዘጋለሁ ብሎ ምሏል። ያኛው ተወዳዳሪ፣ መምህሩ፣ ግብር እየከፈሉ ይሥሩ ባይ ነው። ልጆች ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት የሚጸልዩትንም አስቀራለሁ ብሏል። እጁ ንጹሕ ነው፣ የሰው አይነካም ይሉታል፤ ግን መድረክ ላይ ቆሞ በጸሎታችን ሲስቅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አባትሽን ምን እንደበላው ደግሞ አንቺም አትረሺውም። መጀመሪያ ደሞዙን፣ ቀጥሎ የቤቱን ዕቃ፣ በመጨረሻ ራሱን እዚያ የቁማር ጠረጴዛ ላይ ጥሎ ቀረ።

ሁለቱን ሳመዛዝን ሰነበትኩ። ጾምኩ፣ ጸለይኩ፣ እንቅልፍ አጣሁ። የጸሎት ቤቱን ሽማግሌ ባማክራቸው፣ «እኅቴ፣ የምንመርጠው እኮ ጻድቅ አይደለም፤ ሕግ የሚያወጣልንን ነው። ጻድቅ እንጠብቅ ካልን ባዶ ወረቀት ጥለን መመለሳችን ነው» አሉኝ። ባለ ፀጉር ቤቷ በበኩሏ፣ «መዋሸታቸው ካልቀረ የኔን ጸሎት የሚጸልየው ይዋሸኝ» አለች። ሳቅኩ። ያ ሳቅ ትዝ ባለኝ ቁጥር አሁን ያመኛል።

ስለ ሸሚዝሽ ልንገርሽ። ያን ቀን ከሥራ ስትመለሺ የሰማያዊው ሸሚዝሽ እጅጌ ከትከሻው ተለይቶ ተንጠልጥሎ ነበር። «በር ያዘኝ» አልሽ። እኔም «ታዲያ በሩን ይቅርታ ጠየቅሽው?» ብዬ ቀለድኩ። ልጄ፣ እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ። በር የሚቀደው ጨርቁን ነው፤ አንድ ቦታ ይይዝና ይሸረክተዋል። ያንቺ ጨርቅ ምንም አልሆነም። የተበጠሰው የስፌቱ ክር ነው፣ ከትከሻ እስከ ብብት። እንደዚያ የሚበጠሰው አንዱ እጅጌውን ጨብጦ ሲስብ ሌላው ሲያመልጥ ነው። ገና በእጄ ሳነሳው አውቄያለሁ። እያወቅኩ የተበጠሰውን ክር አንድ በአንድ ለቅሜ ጣልኩ፣ በአዲስ ክር ሰፋሁት፣ ተኮስኩት፣ ጠዋት አልጋሽ ላይ አስቀመጥኩልሽ። አንቺ ገና ምንም አልነገርሽኝም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ያ «ወንድማችን» የሚሉት ቢሮውን ቆልፎ ያደረገብሽን ስትነግሪኝ አለቀስኩ እንጂ አልደነገጥኩም። አብረን ሽማግሌው ፊት ቀረብን። እሳቸው አንቺን ትተው እኔን፣ «መጀመሪያ ምን ነበር ያለችሽ?» ብለው ጠየቁኝ። «በር ያዘኝ ነው ያለችኝ» አልኩ። አልዋሸሁም እያልኩ ስንት ጊዜ ራሴን ሸነገልኩት! የምናገረው ሌላ ነገር እጄ ላይ እያለ ዝም አልኩ። «እንግዲያስ ምርጫው ይለፍና እንነጋገራለን» አሉ። ዞር ብለሽ አየሽኝ። በሳምንቱ ሸሚዙን ጥለሽ፣ ሻንጣሽን ይዘሽ ሄድሽ። ምርጫው አለፈ፤ የተነጋገረ ሰው የለም።

የምርጫው ዕለት ከመጋረጃው ጀርባ ብዙ ቆየሁ፤ አስመራጯ «እናቴ፣ ቸገረዎት እንዴ?» እስክትል ድረስ። ባዶውን ልጥለው አስቤ ነበር። እስክሪብቶዬን መምህሩ ስም ላይ አሳርፌም ነበር፤ ሳቁ ትዝ አለኝና አነሳሁት። ከዚያ አባትሽ በዓይኔ መጣ፣ በመጨረሻው ጊዜ ያ የከሳ ፊቱ። ልጄ፣ ለእሱ ነው የሰጠሁት። ለዚያ ሰው። አባትሽ ሞቷል፣ አንቺ በሕይወት አለሽልኝ፤ እኔ ለሞተው መረጥኩ።

አሸነፈ። ባለፈው ሐሙስ ለቃለ መሐላው ኮት ላሰፋ ብሎ እኔው ሱቅ መጣልሽ። እጁን እያስለካ፣ «እማማ፣ ልጅዎ ደህና ናት?» አለኝ። ሜትሩን ከትከሻው እስከ አንጓው ዘርግቼ ቁጥሩን ማንበብ አቃተኝ። መነጽሬን የረሳሁ መስሎት ሳቀ። ሜትሩን ጠቀለልኩና «ያንተን አልሰፋም» አልኩት።

«ምነው እማማ፣ ምን አጠፋሁ?»

«በር እንዲህ አይቀድም።»

የሸሚዝሽ ስፌት የተበጠሰበትን ከትከሻው እስከ ብብቱ በጣቴ አሳየሁት። ገባው። ለልኬቱ ያወለቀውን ኮቱን አንስቶ ወጣ። ባለ ፀጉር ቤቷ ደጃፉ ላይ ቆማ ሰምታለች፤ እንግዲህ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል ማለት ነው።

ከሄደ በኋላ ሸሚዝሽን ከቁም ሳጥን አውጥቼ የሰፋሁትን ተረተርኩት። ምን ላገኝ እንደፈለግኩ እኔም አላውቅም። ያ የተበጠሰው ክር የለም፤ በገዛ እጄ ለቅሜ ጥዬዋለሁ። የቀረው የኔ መርፌ የወጋው ቀዳዳ ብቻ ነው። ግን ያየሁትን አልረሳሁም። ዳኛ ፊት ብትቆሚ መጥቼ አጠገብሽ ቆሜ እናገራለሁ፤ ሰፍቼ ያጠፋሁትም እኔ መሆኔን ጭምር። ባትቆሚም ለሽማግሌው ነግሬያቸዋለሁ። አንገታቸውን ደፉ።

ምርቃቴን ትቀበይው እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን አላቋርጥም። የምትገቢበት በር ሁሉ በደግ ይከፈትልሽ። ስትወጪም የሚይዝሽ አይኑር። ጤናሽን ይስጥልኝ፣ የሚያምንሽ ሰው ያቁምልሽ።

እናትሽ ብዬ ልፈርም ነበር፣ እጄ እንቢ አለኝ። አንቺ እማ ብለሽ እስክትጽፊልኝ ድረስ፣

ልብስ ሰፊዋ