በእጄ ስለቆረጥኳቸው ስምንት ገጾች

ለተከበራችሁ የቤተ መጻሕፍታችን የመጻሕፍት መርማሪ ኮሚቴ አባላት፣

ጤናችሁ እንዴት ነው? ልጆቻችሁስ ደህና ናቸው? ለእኛ ልጆች ስትጨነቁ እንቅልፍ ያጣው ዓይናችሁ ትንሽ አረፈ ወይ? እኔ ምድር ቤት የተቀደደ መጽሐፍ የምጠርዘው ሴትዮ ነኝ። ስሜን ባታውቁትም እጄን ታውቁታላችሁ፤ ትእዛዛችሁን የፈጸመው እሱ ነውና። ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ከአንድ የአጫጭር ልቦለዶች መድበል ውስጥ «የታዳጊዎችን አእምሮ የሚያጨልም» ያላችሁትን ታሪክ ስላስቆረጣችሁልን። ጠራዥ የሚጠርዘውን ካነበበ ሥራው አያልቅም ይባላል በእኛ ሙያ፤ እኔም አንድ መስመር ሳላይ ስምንቱን ገጽ በቢላዋ ላጥ አድርጌ፣ በፖስታ አሽጌ ላክሁላችሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ልጄ። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ቤቷ ስለሚቀርብ እህቴ ቤት ነበር የምትኖረው። አንድ እሑድ፣ ሳይቆረጥ በፊት ያነበበችውን ያንኑ መጽሐፍ ዳግም ተውሳ መጣችና ጭኔ ላይ አስቀምጣ፣ «እማዬ፣ ገጽ አርባ አንድን አንብቢና ከዚያ ጠይቂኝ» አለችኝ። ብገልጠው ከአርባ ቀጥሎ አርባ ዘጠኝ ነው። የእኔን አቆራረጥ ታውቀዋለች። «አንቺ ነሽ?» አለችኝ። «ሥራዬ ነው እኮ፣ የኔ እናት» አልኳት። ቦርሳዋን አንግታ ወደ እህቴ ቤት ተመለሰች።

ሦስተኛ፣ ስለ ሁለቱ ወራት። በሰው በሰው ደራሲዋን አግኝቼ ታሪኩን በስልክ እስክታነብልኝ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ታሪኩ ውስጥ አንዲት ልጅ አለች፤ የአክስቷ ባል በር ዘግቶ በቀበቶ ይገርፋታል። ስልኩን ሳልዘጋ ሮጥኩ። የልጄን ጀርባ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ጭካኔን ማን እንዳስተማረው መመርመር ካማራችሁ፣ የእህቴ ባል ከመብራት ደረሰኝ በቀር በዕድሜው ያነበበው ነገር የለም። እባካችሁ ደረሰኙ ይታገድልን!

ደራሲ አይጠየቅ አልልም። ክፉ የሚያስመኝ መጽሐፍም ይኖር ይሆናል፤ እኔ ጠራዥ እንጂ ሊቅ አይደለሁም። ግን ሳያነብ የሚቆርጥስ? ሳይጠይቅ የሚያስቆርጥስ?

ልጄ አሁን ከእኔ ጋር ናት። ትምህርቷን ታጠናለች፣ ዕቃ ታጥባለች፤ ለእኔ ያላት ቃል ግን «እሺ» እና «አይ» ብቻ ነው። ስለዚህ ገጾቹን መልሱልኝ። ሰፍቼ መልሼ፣ አጠገቧ ተቀምጬ አርባ አንደኛውን ላነብላት ነው። ከዚያ እንድጠይቃት ትፈቅድልኝ እንደሆነ እንጃ።

በር የሚዘጋ ዘመድ ቤታችሁን እንዳይረግጥ ዘወትር የምትጸልይላችሁ፣ ያላነበበችውን የቆረጠች ታዛዣችሁ፣
የምድር ቤቷ ጠራዥ

ማሳሰቢያ፦ ደራሲዋ ታሪኩን ባነበበችልኝ ማግስት ደውላ፣ የልጄን ነገር ስነግራት «ቁስሏን ያባባስኩባት እኔ እሆን?» ብላ አለቀሰችብኝ። ለሰብሳቢያችሁ ይህንኑ ሁሉ በአፌ ከነገርኳቸው ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ እሳቸው የጠየቁኝ ቢላዋው የቤተ መጻሕፍቱ ንብረት መሆን አለመሆኑን ነው።