ለሰሚራ ያደረግኩት ዱዓ

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

በልደታ እንደ እኔ የተማረ ልብስ ሰፊ የለም። እሺ፣ የማታውን የፊደል ትምህርት የጨረስኩት ገና ባለፈው ወር ነው። ልጄ ሰሚራም ያኔ ከኮሌጅ ተመረቀች፤ «አብረን ተመረቅን» እያልኩ ሰፈሩን አሰልችቻለሁ።

ዛሬ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ካለው ሱቄ ስመለስ ጠብቃ ያዘችኝ። ሜክሲኮ አደባባይ ያለ አንድ ቢሮ ሊቀጥራት ነው። እሷ ግን ሥራውን ትታ የአንድ ዓመት የቢዝነስ ማስተርስ ትቀጥል እንደሆነ ልቧ ሁለት ሆኗል። ነገ ቁርጡን መናገር አለባት።

«አባዬ፣ አንተ ያልከኝን ነው የማደርገው።»

«እኔ ምን አውቄ? ገና ትናንት ሀ ሁ ያልኩ ሰው!»

«በአላህ አትቀልድ።»

ቀልዴ ሲያልቅ ፍርሃቱ መጣ። ብትማር ሥራው ያመልጣታል፤ ማስተርሷን ይዛ ቤት ብትቀመጥስ? ሥራውን ብትይዝ ደግሞ ትምህርቱ በዚያው ይቀራል። እኔም በልጅነቴ «ትንሽ ልሥራና እማራለሁ» ብዬ ነው ፊደል ሳልቆጥር የሸበትኩት። ጨርቅ ሳልለካ አልቆርጥም። ይሄን በምን ልለካው?

በመጨረሻ «በይ ዱዓ ላድርግልሽ» አልኳት። እጄን ዘርግቼ በለሆሳስ፣ አላህ ትምህርቱን እንዲያገራላት ለመንኩ። እሷም «አሚን» ብላ ፊቷን ዳበሰች። «በቃ፣ አሁን አልፈራም» ብላኝ ወጣች።

እጄን መዘርጋቴ እውነት ነው። ልመናው ግን አሁን ስጽፍ የጨመርኩት ነው። የቱን እንደምለምንላት ስላላወቅኩ ከንፈሬን ብቻ ነው ያንቀሳቀስኩት።

እሷ ግን አሚን ብላለች።