የመስኮቱ ጥጥ

ማክሰኞ፣ ጥር 14 ቀን

ለምትናፍቂኝ ታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ እንዴት እንደምጀምረው አላውቅም። ባለፈው ደብዳቤ «ደኅና ነኝ» ያልኩሽ ውሸት ነበር። አንቺስ እንዴት ነሽ? የእናታችን ጉልበት ተሻላት? የአባታችን ዓይንስ? ትንሹ ወንድማችን አሁንም ደብዳቤዬን ከእጅሽ ይነጥቃል? ከነጠቀሽ ይህንን ለእናታችን ጮክ ብሎ እንዳያነብላት፤ ትደነግጣለች።

ነገሩ ሳል ነው። ቀን ቀን ብዙም አይሰማኝም። ማታ ጋደም ስል ግን ጉሮሮዬን ይከረክረኛል፣ ደረቴ ሲር ሲር ይላል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል። ተነሥቼ ስቀመጥ ለቀቅ ያደርገኝና ስተኛ ይመለሳል። ይኸው ሦስት ወሩ።

አክስታችን የሰው አሮጌ ፍራሽ እየተቀበለች እንደምታድስ ታውቂያለሽ። ፍራሹን ቀደን ጥጡን እናወጣለን፣ በዱላ እየመታን እናፍታታለን፣ መልሰን እንሞላለን። ያልነገርኩሽ፣ የምንተኛውም እዚያው ክፍል ውስጥ መሆኑን ነው። ሲመሽ እንጠርግና መኝታችንን እንዘረጋለን። ብናኙ ግን መጥረጊያ አይፈራም፤ ይነሣና ቆይቶ እላያችን ላይ ይወርዳል።

አክስቴ ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ስስል ተነሥታ ጀርባዬን ታሸኛለች። ብርድ ነው ብላ የመስኮቱን ስንጥቅ ሁሉ በጥጥ ጠቀጠቀችው። ቀና ብዬ እንድተኛም ትልቅ ትራስ ሰፋችልኝ፤ የሞላችው ግን ከአሮጌ ፍራሽ በወጣ ጥጥ ነው፣ «እሱ ነው የሚለሰልሰው» ብላ። እንደዚያ ደስ ብሏት ስትሰጠኝ ምን ልበላት? አቅፌው ሳልኩ።

አብሮን የሚሠራው ጥጥ መቺ አፍንጫውን በጨርቅ ሸፍኖ ነው የሚውለው። ጠዋት ሲገባ «ዛሬም በሳልሽ ሞተር ስታስነሺ አደርሽ አሉ፤ ምን ዓይነት ሞተር ነው የማይነሣ?» ይለኛል። እሱ ምን አለበት፣ ማታ እቤቱ ሄዶ ይተኛል።

አክስቴ ጤና ጣቢያ ወስዳኝ ነበር። ነርሷ የት እንደምተኛ፣ አቧራ ወይም ጭስ ይኖር እንደሆነ ጠየቀችኝ። አፌን ሳልከፍት አክስቴ «ቤታችን በቀን ሁለቴ ነው የሚጠረገው! ብርድ ነው የመታት» አለች። ነርሷ ወደኔ ዞራ እውነት ነው ወይ ስትለኝ ጫማዬን አየሁ። አፌን በጥጥ የወተፉት ነው የሚመስለው። ሽሮፕ አዘዘችልኝና ወጣን። በራሴ የተናደድኩት ንዴት እስካሁን አልበረደልኝም። ብናገር ያጎረሰኝን እጅ መንከስ መሰለኝ። ሥራ ጠልታ ነው ብላ እንዳትመልሰኝም ፈራሁ። አባታችን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይል የለ? እኔ የሸሸግኩት ቤቱን ነው።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ልብስ አጣቢዋ ልጇ ታሞባት ላግዛት እሷ ዘንድ አደርኩ። ሦስት ሌሊት አንዴም አልሳልኩም! አክስቴ «አየሽ፣ ሽሮፑ ሠራልሽ!» ብላ አጨበጨበች። በአራተኛው ሌሊት እቤት ስተኛ ደረቴ እንደገና ማፏጨት ጀመረ። ሽሮፑ ያው ሽሮፕ ነው፣ የተለወጠው ክፍሉ ነው። አክስቴ ግን አሁንም ብርዱን ትሳደባለች።

የእናታችንን ጉልበት ሳሚልኝ። አባታችንን ምክሩን አልረሳሁም በይልኝ። ትንሹን ወንድማችንን ጆሮውን ቆንጥጠሽ ሳሚው። አንቺን ግን አቅፌ አልጠግብሽም።

ነገ ጠዋት የጤና ጣቢያው ቀጠሮዬ ነው፤ አክስቴም አብራኝ ትመጣለች። አፌ እንዳይከዳኝ በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ይዣለሁ፦ «የምተኛው ጥጥ በሚመታበት ክፍል ነው። ሌላ ቤት ሳድር አልስልም።» ይህን ለነርሷ እሰጣለሁ። አክስቴ ግን ማንበብ አትችልም። ስለዚህ ከቤት ሳንወጣ፣ እንደምንም ብዬ ለእሷ በአፌ አነብላታለሁ። ሰው ፊት ከምታፍር፣ ከኔው ትስማው።

ታናሽ እህትሽ