የተኛችን ንግሥት ስለ መቀስቀስ

‹‹ዙፋንና ማረሻ›› የተባለውን የጥንት ዘመን መንግሥት ግንባታ ጨዋታ ለሚያዘጋጀው ኩባንያ፣
ለስልት ምክር ክፍል ክቡር ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎም፣ ባልደረቦችዎም፣ በጨዋታው ውስጥ ያለ ድካም ምክር የሚለግሰው አማካሪዎም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እንቅልፍዎ የሰላም፣ መነሣትዎም የሰላም ይሁንልዎ። ይህን የመጨረሻውን ምኞት ለወጉ ያህል የጻፍኩት እንዳይመስልዎ፤ ለምን እንደጻፍኩት ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታል።

እኔ ደንበኛችሁ አይደለሁም። ደንበኛችሁ ልጄ ነበረች። ትልቋ ልጄ የሌሊት ተረኛ ነርስ ነበረች፤ ማታ ገብታ ጠዋት ትወጣለች፣ ቀን ትተኛለች፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሥታ ፊቷን ትታጠብና እኔ ነጩን ጋውኗን ስተኩስላት እሷ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ታብሌቷን ታቅፋ መንግሥቷን ታስተዳድራለች። በበጋው መጨረሻ ላይ ዐርፋለች። ታብሌቱ ግን አላረፈም። ክፍሏ ውስጥ ከቻርጀሩ ጋር እንደተሰካ፣ ሰው በሌለበት፣ በወፍራም የወንድ ድምፅ ‹‹ንግሥት ሆይ፣ ሕዝብዎ ይጠብቅዎታል›› እያለ ይጣራል። መጀመሪያ የሰማሁት ዕለት በእጄ የያዝኩት ብርጭቆ አመለጠኝ። አባቷ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፣ በቀላሉ የሚደነግጥ ሰው አይደለም፤ እሱም ‹‹ማን ገባ?›› ብሎ ብድግ አለ። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ፣ ቤታችን ባዶ ሆኖ እንዳይሰማን ስለተጨነቃችሁልን ከልብ አመሰግናለሁ።

ትምህርቴ ብዙ ስላልሆነ የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው። ጊዜዎን እንዳላባክን ቅሬታዎቼን በቁጥር አስቀምጣለሁ።

አንደኛ። አማካሪዎ ‹‹ብልህ ገዢ ከሁሉ በፊት ቅጥር ይሠራል፤ የሕሙማን ቤት የሚበላ እንጂ የሚያመርት አይደለም፤ አፍርሰው እንጨቱን ለግንብ ያውሉት›› ብሏል። ልጄ ቅጥር አልሠራችም። መጀመሪያ የሠራችው የሕሙማን ቤት ነው፣ ከውኃ ጉድጓዱ አጠገብ፣ መስኮቶቹ ሁሉ ወደ ፀሐይ የዞሩ። እኔም እንደ አማካሪዎ ፈርቼ፣ ‹‹ጠላት ቢመጣስ፣ የኔ እመቤት?›› ብያት ነበር። ‹‹እማ፣ ጠላትም እኮ ይታመማል። አልጋ እንሰጠዋለና›› አለችኝ። ጠላትም መጣ። ወራሪዎቹ ቆስለው ወደቁ፣ አልጋ ሰጠቻቸው፣ ድነው እዚያው ገበሬ ሆነው ቀሩ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ስንዴዋን ያጭዱ የነበሩት እነሱ ናቸው። ለዚህ ሥራዋ ‹‹አስተዳደር፦ ደካማ›› የሚል ውጤት ስለሰጣችኋት እግዜር ይስጥልኝ። መሥሪያ ቤቷም እንዲሁ ነበር የሚላት።

ሁለተኛ። ካረፈች በኋላ የሰሜኑ መስፍን እጇን እንደሚጠይቅ፣ ፈረሶችና የብረት ማዕድን እንደሚያመጣ፣ ‹‹ጋብቻን ማዘግየትም ለመንግሥት አደጋ መሆኑን›› አሳውቃችሁናል። ይህንን በሕይወቷ ሳለች ከአክስቶቿ በሚገባ ሰምታዋለች። ‹‹ቀን ቀን የሚተኛ ባል ፈልጉልኝና አገባለሁ›› ነበር መልሷ። ቢሆንም ሽማግሌ ልካችሁ ዝም ማለት ነውር ስለሆነብኝ የመስፍኑን ሥዕል አየሁት። ጢሙ የተበጠረ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ጤነኛ የሚመስል ሰው ነው። እውነቱን ለመናገር ብዙ ቆሜ አየሁት፤ አማች ሊሆነኝ የመጣ የመጀመሪያው ሰው ነውና። ፈረሶቹን የት እናስራቸዋለን ብዬ በመስኮቱ ግቢውን ሁሉ ቃኘሁ። ከዚያ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን መሆኔ ታወሰኝ።

ሦስተኛ። ዋናው ነገር ይህ ነው። ከቀብሯ በኋላ ታብሌቱን ላጠፋ ገባሁ። ማጥፊያውን አላውቀውም። በመንግሥቷ ዝናብ ይዘንብ ነበር። ንግሥቲቱ፣ ልጄ ፀጉሯን እንደ ራሷ በአጭሩ ያስቆረጠቻት ንግሥት፣ የሕሙማን ቤቱ በር ላይ ዝናቡ እየወረደባት ቆማለች። ከጭንቅላቷ በላይ ‹‹ንግሥቲቱ ደክማለች›› የሚል ጽሑፍ አለ፤ ከሥሩ ደግሞ በጣት የሚነኩ ሦስት ትእዛዞች አሉ። አንዱ ዝመቺ ይላል፣ አንዱ ግብር ሰብስቢ፣ አንዱ ወደ መኝታ። ከሦስቱ እኔ የማውቀው አንዱን ብቻ ነው። እሱን ነካሁት። ንግሥቲቱ ዝናቡን አቋርጣ ቤቷ ገባች፣ በሩ ተዘጋ፣ የመስኮቷ መብራት ጠፋ። እኔም የክፍሉን መጋረጃ ስቤ፣ በሩን ገጠም አድርጌ፣ በእግሬ ጣቶች እየተራመድኩ ወጣሁ።

ጨዋታውን የሚያውቁ ሰዎች እንደነገሩኝ ይህን ስህተት ማንም ተጫዋች አይሠራውም። ገዢ ከተኛች ትእዛዝ የሚሰጥ የለም፤ ወፍጮ ይቆማል፣ አዝመራው ማሳ ላይ ይቀራል፣ ሕዝቡ ሥራውን እየተወ አንድ በአንድ መጥቶ በሯ ላይ ይቆማል። በየቀኑ እየገባሁ አየኋቸው። ወፍጮኛው ዱቄቱ ትከሻው ላይ እንዳለ፣ አንዲት አራስ ልጇን እንዳቀፈች፣ እነዚያ ወራሪ የነበሩት ማጭዳቸውን እንደያዙ፣ ሁሉም የተዘጋ በር እያዩ ይቆማሉ። አይናገሩም። አማካሪዎ ‹‹ሕዝቡ ሊያምፅ ነው፤ ንግሥቲቱን ቀስቅሷት›› ይላል። ክቡር ሆይ፣ በእርስዎ ዘንድ አመፅ ምን እንደሚመስል አላውቅም። እኔ ያየሁት ግን ሰው ተኝቷል ተብሎ ድምፁን ያጠፋ ሕዝብ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሕዝብ ደግሞ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ።

እኛ ቤት ልጄን ቀን መቀስቀስ ክልክል ነበር። ድስት የሚከደነው በጨርቅ ተይዞ ነው። ወንበር ይነሣል እንጂ አይጎተትም። አባቷ ጫማውን የሚያወልቀው ገና ከግቢው በር ላይ ነው። በአጥር የምንዋሰነው ብረት በያጅ ጠዋቱን ልክ ሲለካና ቀለም ሲቀባ ያሳልፍና መዶሻውን የሚያነሣው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነበር። አንገቱን በአጥሩ ላይ ብቅ አድርጎ፣ ‹‹እትዬ፣ ልዕልታችን ተነሣች? መዶሻዬ ዛገ እኮ›› ይለኛል። ‹‹ተነሥታለች፣ ቀጥቅጥ እንግዲህ›› እለዋለሁ። ቅጥቀጣው ሲበዛ ደግሞ እሷ ከውስጥ ሆና፣ ‹‹ጋሼ፣ ብረቱ ጥፋቱን አምኗል፣ ይበቃዋል›› ትለዋለች።

ያን ቀንም ከሥራ ገብታ፣ ‹‹እማ፣ ዛሬ በጣም ደክሞኛል፣ እስክነሣ ተዪኝ›› አለች። ተውናት። ሊጠይቁን የመጡ ዘመዶችን ደጅ አስቀምጬ በሹክሹክታ አጫወትኳቸው። ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ፣ ደክሟታል ብለን ጨመርንላት። በያጁ የሚያስረክበው በር እያለበት እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ኋላ ሐኪሙ ልቧ መሆኑን፣ ገና በማለዳው እንዳለፈች፣ ማንም ቢቀሰቅሳት እንደማትነሣ ነገረን። እንግዲህ ያን ቀን እኛም ጎረቤቱም ከመቼውም ይበልጥ ጸጥ ብለን የዋልነው ለማንም አልነበረም።

በዚህች ቤት ውስጥ ነው አማካሪዎ ጠዋትም ከሰዓትም፣ ‹‹ቀስቅሷት። ብልህ ሰው የተኛ ገዢን ዝም ብሎ አያይም›› ሲል የከረመው። ስለ ምክሩ አመሰግናለሁ። ትንሽ ዘገየ እንጂ ጥሩ ምክር ነው።

አራተኛ። ንግሥቲቱ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልነቃች መንግሥቷ ባለቤት አልባ እንደሚባል፣ መሬቷ ለጎረቤት ገዢዎች እንደሚከፋፈል፣ ሕንጻዎቿም እንደሚፈርሱ ስላስጠነቀቃችሁን፣ ለደንበኞች አገልግሎት ደወልኩ። ስልኩን ያነሣችው ልጅ ድምጿ ጨዋ ነው። ልጄ መሞቷን ነገርኳት። ‹‹ይቅርታ እናቴ፣ በጨዋታው ውስጥ ነው ወይስ በውጭ?›› አለችኝ። በውስጥ ተኝታለች። በውጭም ያን ቀን ሙሉ ተኝታለች ስንል ነው የዋልነው። ‹‹በውጭ›› አልኳት። ‹‹እንግዲያውስ ለማረጋገጥ ተጫዋቿ ራሷ ብትደውልልን›› አለች፤ ካለች በኋላ ምን እንዳለች ለራሷም ተሰማት መሰለኝ፣ ድምጿን ዝቅ አደረገች። ‹‹እናቴ፣ የተጻፈልኝን ነው ያነበብኩት›› አለችኝ። እሷን አልወቅሳትም፤ የሰው ልጅ ናት። የጻፈላትን ሰው ግን በእኔ ስም ሰላም ይበሉልኝ።

አምስተኛ ብዬ ስለ ግብር የመከራችሁትን ልጽፍ ነበር። ተውኩት፤ የወሩ መጨረሻ ደረሰ።

መቀስቀሻው የት እንዳለ አውቅ ነበር። በሯ ላይ የተንጠለጠለች ትንሽ ደወል ናት። ጣቴን ወስጄ ወስጄ መልሻለሁ። ባትነሣስ ብዬ እፈራለሁ። ብትነሣስ ብዬ ደግሞ ይበልጥ እፈራለሁ፤ ያኔ የኔዋ እንዳልተነሣች አውቃለሁና። በሌላ በኩል፣ ዝም ካልኩ የሠራችው የሕሙማን ቤት ሊፈርስ ነው፤ ከእጇ ሥራ ሌላ በዐይኔ የማየው የቀረኝ ነገር የለም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ክፍሏ ገባሁ። መጋረጃውን ገለጥኩ። አልጋው ጫፍ ላይ፣ የእሷን ቦታ ትቼ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ‹‹ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፣ የኔ እናት›› ብዬ ደወሉን ነካሁት። በሩ ተከፈተ። ንግሥቲቱ ወጣች። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላት፤ ማንም አልጮኸም። እኔ ምንም ሳልነካ፣ ማንም ሳያዛት፣ በቀጥታ ወደ ሕሙማን ቤቱ ሄዳ ከአልጋ አልጋ እየዞረች የተኙትን ጎበኘች። ልጄ እንዲህ አስለምዳት ኖሯል። ከዚያ በኋላ ነው ወፍጮው መዞር የጀመረው።

እኔም ተነሥቼ ወደ አጥሩ ሄድኩ። በያጁ፣ ልጄ ካረፈች ወዲህ እቤቱ መዶሻ አንሥቶ አያውቅም። ማንም አልከለከለውም፤ ‹‹ተነሥታለች›› የሚለው ሰው ጠፍቶበት ነው። የሚቀጠቀጠውን ብረት በጋሪ እየጫነ ሌላ ሰፈር ወዳለ ወዳጁ ይወስድ ነበር። ‹‹ተነሥታለች፣ ቀጥቅጥ እንግዲህ›› አልኩት። ‹‹እትዬ…›› አለ። ከዚያ መዶሻውን ከዕቃ ሥር ፈልጎ አወጣ። የመጀመሪያው ምት የሰው በር የሚያንኳኳ ይመስል ቀስ ያለ ነበር። ሁለተኛው ጠንከር አለ። ቤታችን ውስጥ ብርጭቆዎቹ ሲንቀጠቀጡ ሰማሁ፤ ‹‹ይበቃዋል›› የሚል ግን ከውስጥ አልመጣም። ስለዚህ እስኪመሽ ቀጠቀጠ።

ክቡር ሆይ፣ ንግሥቲቱ ነቅታለችና በራሳችሁ ሕግ መንግሥቷ ባለቤት አለው። ከእንግዲህ ጠዋት አስተኛታለሁ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እቀሰቅሳታለሁ። ቅጥር አልሠራም፣ አላዘምታትም፣ ለሰሜኑ መስፍንም አልድራትም፤ ይቅርታዬን ያድርሱልኝ። ከእርስዎ የምለምነው አማካሪዎ በዚያ ክፍል ውስጥ ዝም እንዲልልኝ ብቻ ነው። እኛ ዝም ማለት እንችልበታለን፤ ካስፈለገው መጥቶ ይማር።

ዘግይቶም ቢሆን የተኛ ሰው መቀስቀስ እንዳለበት ላስተማረኝ ክፍልዎ እጅ እየነሣሁ፣ ለቅጥርዎ ጥንካሬን፣ ለጎተራዎ ሙላትን፣ ለእርስዎም በታመሙ ጊዜ ከውኃ ጉድጓድ አጠገብ ፀሐይ የሚገባበት አልጋ እየተመኘሁ፣

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የንግሥቲቱ እናት

ማሳሰቢያ፦ ዛሬ ጠዋት ‹‹በምክራችን ምን ያህል ረክተዋል? ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይስጡን›› የሚል መልእክት ደርሶናል። በሕጋችሁ መሠረት ይህን መመለስ ያለባት ተጫዋቿ ራሷ ስለሆነች እኔ አልነካሁትም። የስልክ ቁጥሯ አልተለወጠም፤ ደውላችሁ ጠይቋት። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ግን እባካችሁ አትደውሉ። የሌሊት ተረኛ ናት።